የፍሪጅ ጀርባ ጽዳት፦ ኮንደንሰርና ፋን በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛሉ?

ፍሪጁ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ያጓራል፣ ወተት ሁለት ቀን አይቆይበትም፣ የካርድ ቆጣሪው ሂሳብ ከወትሮው ቶሎ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ጋዝ ጨርሷል» የሚል ነው። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ቡታጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ያንኑ ሥራ ለዓመታት ይሠራል፤ የሚቀንሰው ቱቦው የሆነ ቦታ ከተበሳ ወይም ብየዳው ካሾለከ ብቻ ነው። ስለዚህ ለጋዝ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩት። ዓመታት የተጋገረ አቧራ፣ በቁሌት ዘይት የተለጠፈ ጥቀርሻ፣ የሸረሪት ድር፣ አንዳንዴም «ለኋላ ይጠቅማል» ተብሎ የተጠቀጠቀ የፌስታል ክምር ታገኙ ይሆናል። ይህን ማጽዳት አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ከብሩሽ፣ ከጨርቅና ከሳሙና በቀር ወጪ የለውም።

ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ከምግቡ ላይ ሙቀት ወስዶ ወደ ክፍሉ ያወጣል። ኮምፕረሰሩ፣ ብዙዎቻችን ሞተር የምንለው ጥቁሩ ድብልብል ዕቃ፣ ጋዙን ጨምቆ ያግለዋል። የጋለው ጋዝ ኮንደንሰር በሚባለው ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነች የመዳብ ቱቦ ሾልኮ ወደ ውስጥ ሲገባ ይተናል፤ ሲተን የምግቡን ሙቀት ይስባል። ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ኮንደንሰሩ ላይ አቧራ ሲጋገር ቱቦው ጋቢ እንደለበሰ ሰው ይሆናል። ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ሞተሩም ያንኑ ቅዝቃዜ ለማስገኘት ረጅም ሰዓት ይለፋል። በዚህ ላይ የሞተሩ የራሱ ሙቀት ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው ዘይት ይቀጥናል፣ የጥቅልሉ ሽቦ መከላከያ ቀለም ቀስ በቀስ ይሰነጣጠቃል። ኦቨርሎድ የምትባለው ትንሽ መከላከያ ሙቀቱ ሲበዛ «ጠቅ» ብላ ሞተሩን ታጠፋዋለች፤ ሲቀዘቅዝ መልሳ ትለቀዋለች። ጠቅታው ከተደጋገመ ሞተሩ ወደ መቃጠል እየተቃረበ ሊሆን ይችላል።

መሃል አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገሮች ይህን ያባብሱታል። አንደኛው ከፍታው ነው። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አራተኛ ያህል ሳሳ ያለ ነው። ያው መጠን ያለው አየር በቱቦው ላይ ቢያልፍም ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። የከተማው ብርድ ይህን ይክሰዋል፤ ነገር ግን ፍሪጁ ከምድጃ አጠገብ፣ በጠባብ ኩሽና ጥግ ከተወሸቀ የውጪው ብርድ አይደርሰውም። ሁለተኛው አቧራው ነው። ደረቁ የበጋ ወራት፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ የበዛው ፈረሳና ግንባታ፣ በተዘጋ መስኮት እንኳ ሰርጎ የሚገባ ደቃቅ ዱቄት ያመጣል። ደረቅ አቧራ ብቻውን በብሩሽ ይራገፋል። ከቁሌት ዘይት፣ ከቡና ቁላትና ከዕጣን ጭስ ጋር ሲቀላቀል ግን እንደ ሙጫ ይይዛል።

የእናንተ ፍሪጅ የትኛው ነው?

ሥራው እንደ ፍሪጁ ዓይነት ስለሚለያይ መጀመሪያ ጀርባውን ተመልከቱ።

ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ የሚወርድ ቱቦ ቀጫጭን ሽቦ ተበይዶበት በጀርባው ሙሉ ከታየ፣ ኮንደንሰሩ እሱ ነው። ይህ ዓይነት ለኮንደንሰሩ ፋን የለውም። የሚሠራው እንደ ጭስ ማውጫ ነው፦ ቀዝቃዛ አየር ከሥር ይገባል፣ በቱቦው ሞቆ ከላይ ይወጣል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ክፍተት ብቻ አይበቃውም፤ ከላይም ክፍት መሆን አለበት። ፍሪጁ አናት ላይ ግድግዳው ድረስ ካርቶን መደርደር፣ ወይም ዳንቴሉን ወደ ኋላ ማንጠልጠል ያንን ጭስ ማውጫ መክደን ነው። እርጥብ ጨርቅ ቱቦው ላይ ማስጣትም እንደዚሁ፤ በላዩ ላይ ዝገት ያመጣል።

ጀርባው ለጥ ያለ ላሜራ ሆኖ ሁለቱ ጎኖች ሲነኩ የሚሞቁ ከሆነ ኮንደንሰሩ በጎኖቹ ላሜራ ሥር ተደብቋል። ብዙ ሰው «ጎኑ ጋለ፣ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል፤ ተፈጥሮው ነው። እዚህ የሚቦረሽ ቱቦ የለም። የሚጸዳው የሞተሩ ክፍል ብቻ ነው፤ ጎኖቹም ከግድግዳና ከቁም ሳጥን መራቅ አለባቸው። ጎኑ ላይ ማንጠልጠያ ለመትከል ብሎን ወይም ምስማር እንዳትመቱ፤ አንዲት ቀዳዳ ፍሪጁን ከጥቅም ውጪ ልታደርገው ትችላለች።

ሦስተኛው በትልልቅ ኖ ፍሮስት፣ ማለትም በረዶውን ራሳቸው በሚያቀልጡ፣ ፍሪጆች ላይ የሚገኘው ነው፦ ኮንደንሰሩ ከሥር፣ ከሞተሩ ጎን ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ፋን አየር ይነዳለታል። ከኋላ በታች በኩል ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ወይም የላሜራ ክዳን አለው፤ በአንዳንዶቹ ከፊት በበሩ ሥር የሚነቀል ፍርግርግም አለ። ቶሎ የሚቆሽሸው ይህኛው ነው፤ ፋኑ የወለሉን አቧራና ፀጉር ሁሉ ወደ ራሱ ይስባልና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንለይ። ኖ ፍሮስት ፍሪጅ በፍሪዘሩ ውስጥ ሌላ ፋን አለው። ፍሪዘሩ በደንብ እየቀዘቀዘ የታችኛው ክፍል ብቻ ከሞቀ ጥፋቱ በአብዛኛው የውስጠኛው ፋን ወይም በበረዶ የተዘጋ የአየር መተላለፊያ ነው፤ ጀርባውን ብትቦርሹት አይድንም። ሁለቱም ክፍሎች አብረው ከደከሙ ግን መጀመሪያ ወደ ኮንደንሰሩ ሂዱ።

መቼ?

ለመሃል ከተማ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ፍሪጁ ኩሽና ውስጥ ከሆነ ወይም በአጠገቡ ግንባታ ካለ በየሦስት ወሩ እያያችሁ አቧራውን ብታራግፉ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ጽዳት በዐቢይ ጾም መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። በ55ቱ ቀን ፍሪጁ ከሥጋና ከወተት ባዶ ስለሚሆን ለማንቀሳቀስ ይቀላል፤ የበጋው አቧራም ተከማችቶ ያበቃል፤ የፋሲካ ዶሮና ሥጋ ከመግባቱ በፊትም ፍሪጁ ሙሉ አቅሙን ያገኛል። ሁለተኛው በክረምቱ መውጫ፣ ከእንቁጣጣሽ የቤት ጽዳት ጋር ይሁን። በክረምት አቧራው ቢቀንስም እርጥበቱ ያለውን አቧራ ጭቃ አድርጎ ያጋግረዋል፤ የዝገት መጀመሪያም ያ ነው።

የሚያስፈልገው

ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ ረጅም እጀታ ያለው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት አሮጌ የጥጥ ጨርቆች፣ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ጋዜጣ ወይም ካርቶን። ቫኪዩም ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለም ችግር የለም።

በረኪና አትጠቀሙ፤ ብረቱንም መዳቡንም ይበላል። ቤንዚንና ላምባም ከቀለሙ በላይ ቤቱን ለእሳት ያጋልጣሉ። የብረት ፍቅፋቂ ቀለሙን ይገፋል፤ ቀለሙ ደግሞ ጌጥ ሳይሆን የብረት ቱቦው የዝገት መከላከያ ነው።

ወደ ሥራው

ስፒናውን ከሶኬቱ ንቀሉ። የሙቀት መቆጣጠሪያውን ዜሮ ላይ ማድረግ ወይም የዲቫይደሩን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። በአሮጌ ቤቶች መስመሩ ተገላብጦ ስለሚዘረጋ ማብሪያው ቢጠፋም የኤሌክትሪክ መስመሩ እስከ ፍሪጁ ድረስ ሊኖር ይችላል። ጫማ አድርጉ፣ እጃችሁ ደረቅ ይሁን። ስለ ምግቡ አትስጉ፦ በሩ ካልተከፈተ በታችኛው ክፍል ያለው ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ቀጥሎ ከጀርባው ወይም ከውስጥ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ነበልባል ያለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ፣ ወይም «አር 600ኤ» (R600a) የሚል ከተጻፈ፣ ውስጡ ያለው ጋዝ የሚቀጣጠል ነው። መጠኑ ጥቂት አስር ግራም ብቻ ነው፤ ግን ቱቦው ቢበሳ በጠባብ ኩሽና አደጋ አለው። ስለዚህ በአቅራቢያ ምድጃ፣ ከሰልም ሆነ ሻማ እየነደደ አትሥሩ። በሥራ ላይ ሳላችሁ ድንገት የሚያፏጭ የጋዝ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮትና በር ክፈቱ፣ ማንኛውንም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ከዚያ ባለሙያ ጥሩ።

ከበሩ ላይ ጠርሙሶችን አውርዱ፤ መሳቢያውና መደርደሪያው እንዳይንሸራተት አረጋግጡ። ከፊት እግሮቹ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ወይም ካርቶን አስገቡ፤ ሴራሚኩም የድሮው ጣውላ ወለልም አይጫርም። ሁለት ሰው ሆናችሁ አካሉን ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። የጀርባውን ቱቦ እንደ እጀታ መያዝ ክልክል ነው፤ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ብየዳ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ፍሪጁን አታስተኙት። ማስተኛት ግድ ከሆነባችሁ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚሄድ፣ መልሳችሁ ካቆማችሁት በኋላ ሳይሰካ ብዙ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ይቆይ።

ከጀርባው ሥር ወለሉ ላይ ውኃ የተረጨበት ጋዜጣ ዘርጉ። የሚወርደው አቧራ እርጥቡ ላይ ያርፋል እንጂ ክፍሉን አይሞላም። መስኮት ክፈቱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ በአቅራቢያ ያለውን እንጀራና ዕቃ ክደኑ።

አሁን በደረቁ ቦርሹ፤ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ በሽቦዎቹ አቅጣጫ። አግድም ከቦረሻችሁ አቧራው በሽቦና በሽቦ መካከል ይጣበቃል። በቱቦውና በፍሪጁ አካል መካከል ያለውን ክፍተት በጠርሙስ ብሩሹ ድረሱበት፤ ብዙ ሰው የፊቱን ጠርጎ የሚተወው እሱን ነው፤ ወፍራሙ አቧራም እዚያ ነው የሚቀመጠው። ቫኪዩም ካላችሁ በአንድ እጅ እየቦረሻችሁ በሌላው አፉን ጠጋ አድርጋችሁ ሳቡ። ከታች ከሞተሩ ወደ ፊልተሩ፣ ጣት የምታህል የመዳብ ቱቦ፣ ከእሷም ወደምትወጣው እንደ ሽቦ የቀጠነች ቱቦ ስትደርሱ ብሩሹን አቅሉት። ያቺ ቀጭን ቱቦ ከተጣመመች ወይም ከተቆለመመች የጋዙ መንገድ ይዘጋል፤ ጥገናውም መቁረጥና መበየድ ይሆናል።

ደረቁ አቧራ ካለቀ በኋላ ጣታችሁን በቱቦው ላይ አሳልፉ። ከያዛችሁ ቅባት አለ ማለት ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፤ ጨርቁን ነክራችሁ እስኪበቃው ጨምቁና ቱቦውን እቀፍ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች አብሱ። ግትር ቅባት ካለ እርጥቡን ጨርቅ 5 ደቂቃ ጠቅልላችሁበት ቆዩና ድገሙት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ በተጨመቀ ጨርቅ ሳሙናውን አንሡ፤ ሳሙና ከቀረ አዲስ አቧራ ይለጠፍበታል። ውኃ አትርጩ፣ አታፍስሱ። ከሞተሩ ጎን ያለው ትንሽ ሳጥን ሞተሩን የሚያስነሣውን ሪሌና ኦቨርሎዱን ይዟል፤ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚቆይ ካፓሲተር አለ። ሳጥኑን አትክፈቱ፣ በእርጥብ ጨርቅም አትንኩት፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፉት።

ከሞተሩ አናት ላይ የፕላስቲክ ሳህን ካገኛችሁ እሱ ከውስጥ የሚቀልጠው በረዶ ውኃ መቀበያ ነው። ውኃው በሞተሩ ሙቀት ይተናል። ሽታውና በረሮው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ የሚነቀል ከሆነ አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡት፣ የማይነቀል ከሆነ በጨርቅ ምጠጡት። ታዲያ ወደ ሳህኑ ውኃ የሚያወርደው፣ ከውስጥ ጀርባ ግድግዳው ግርጌ ያለው ቀዳዳም ተዘግቶ እንዳይሆን ትንሽ ለብ ያለ ውኃ በመርፌ አልባ ስሪንጅ አፍስሱበት። በታችኛው መሳቢያ ሥር ውኃ የሚያቁር ፍሪጅ ችግሩ ይህ ቀዳዳ ነው።

የፍሪዘሩ በረዶ ወፍራም ከሆነ አጋጣሚውን ተጠቅማችሁ አቅልጡት፤ ምግቡን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ሙቅ ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጡ አስቀምጣችሁ። በቢላ መፈልፈል በፍጹም አይሁን። እጅግ ብዙ ፍሪጅ የሚሞተው በዚያች አንዲት የቢላ ጫፍ ነው፤ የፍሪዘሩ ግድግዳ ራሱ የጋዝ መንገድ ነውና።

ፋኑ

የሥር ኮንደንሰር ላላቸው ፍሪጆች ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። የኋላውን ክዳን ብሎኖች ፍቱ፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ይሆናሉ፤ በአንድ ሲኒ ውስጥ አኑሯቸው። ክዳኑን ከማንሣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ካነሣችሁ በኋላም ሌላ። ሽቦ የት እንደሚያልፍ፣ ፋኑ ወደ የት እንደዞረ ኋላ የሚያስታውሳችሁ ያ ፎቶ ነው።

መጀመሪያ ሽቦዎቹን በባትሪ ተመልከቱ። በአሮጌ ቤቶች፣ በተለይ ከገበያ ወይም ከምግብ ቤት አጠገብ ባሉት፣ አይጥ ለሞተሩ ሙቀት ብሎ እዚህ ይሰፍራል። የሽቦ ልባስ ከተበላ፣ መዳቡ ከታየ፣ ሥራው እዚያ ላይ ይቁም፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይቀይረው።

ክንፎቹን በአንድ ጣት ይዛችሁ በሌላው እጅ በደረቅ ብሩሽ አንድ በአንድ ጥረጉ። መያዙ ለምን ያስፈልጋል? በቫኪዩም ወይም በተጨመቀ አየር ክንፉ ያለ ልክ ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳልና ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው የአየር ግፊትም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ክንፍ ይሰብራል፣ ቀጭን ቱቦ ያጣምማል። ቅባት ካለ የተጨመቀ የሳሙና ጨርቅ ለክንፎቹ ይሆናል፤ ወደ ፋኑ ሞተር ግን እርጥበት አይድረስ። አንዱ ክንፍ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ቆሻሻ ከቀረ ሚዛኑ ይዛባና ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉንም እኩል አጽዱ።

ከዚያ በጣት ገፋ አድርጉት። ጤነኛ ፋን ያለ ድምፅ ጥቂት ዙር ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። ወዲያው ቀጥ ካለ፣ ወይም ከተፋተገ፣ ዘንጉ ላይ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ ፈልጉ፤ በወረንጦ ይወጣል። ዘንጉን ወደ ጎን ስትገፉት ከተንገዳገደ ኩሽኔታው አልቋል፤ መቀየር ነው ያለው። ደርቆ ብቻ ከሆነና ሞተሩ ዘይት የሚቀበል አሮጌ ዓይነት ከሆነ የስፌት መኪና ዘይት 1 ወይም 2 ጠብታ በዘንጉ ሥር ጠብ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ አቧራ መሰብሰቢያ ይሆናል። የምግብ ዘይት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረጋና እንደ ሙጫ ይይዘዋል። የዝገት መፍቻ ስፕሬይም ለጊዜው ያለዝባል እንጂ የነበረውን ቅባት አጥቦ ያስወግዳል።

ፋን ለመቀየር አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ መርካቶ ዕቃ ስትገዙ «የዚህ ፍሪጅ ፋን» ማለት ብቻ አይበቃም። የሚመሳከረው ይህ ነው፦ ቮልቴጁ 220 ነው ወይስ 12 ቮልት ዲሲ፤ ስንት ዋት ነው፤ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነው ወይስ በተቃራኒው፤ የዘንጉ ውፍረትና ርዝመት፤ የክንፉ ስፋት። አዳዲሶቹ በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው፤ በስሕተት የ220 መስመር ላይ ከተሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ። ክንፉ ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ ፋኑ ይዞራል፣ አየሩ ግን እንደታሰበው አይሄድም። በብዙዎቹ ላይ አየሩ መጀመሪያ በኮንደንሰሩ ያልፋል፣ ከዚያ ሞተሩ ላይ ይነፍሳል።

ክዳኑን መልሱ። «ክፍት ይሁን፣ ይተንፍስ» ብሎ ክዳኑን መጣል የተለመደ ስሕተት ነው። ክዳኑ አየሩን በኮንደንሰሩ ውስጥ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ግድግዳ ነው፤ ከሌለ ፋኑ በቅርብ ካለው ክፍት ቦታ አየር ይስባል፣ ቱቦው እንደጋለ ይቀራል። የካርቶን ክዳኑ ከተበላሸ ተመሳሳይ ቀዳዳ ያለው ሌላ አስቆርጡለት።

ወደ ቦታው ሲመለስ

ከኋላ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከጎን ቢያንስ 5፣ ከላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፤ የፍሪጁ መመሪያ የበለጠ ካለ መመሪያውን ተከተሉ። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ኩሽና ይህ ከባድ መሆኑ ይገባናል። ቦታው ካልበቃ ከምድጃውና ከምጣዱ ማራቅ ይቅደም፤ ፍሪጁ ሳሎን ቢቆም ይሻላል። ከፊት እግሮቹን በማሽከርከር ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ በሩ ለቀቅ ሲደረግ በራሱ ይዘጋል።

የታጠበው ነገር እስኪደርቅ 1 ሰዓት ያህል ጠብቁና ሰኩ። ይህ መጠበቅ ለሌላ ቀንም ይሠራል፦ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ሞተሩ ሊነሣ አይችልም፤ ያቃስታል፣ ይግላል። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ፤ ሲመለስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው ከሌለ ዘግይቶ የሚለቅ ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ስትገዙ የፍሪጁን ዋት ብቻ አትዩ፤ ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚጎትት ለቤት ፍሪጅ 1,000 ቪኤ ያህል ብትይዙ ያዋጣል።

ለውጡ በምን ይታወቃል?

ከተሰካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጀርባውን ቱቦ በእጅ ጀርባ ዳሰስ አድርጉት። ከላይ ትኩስ፣ ወደ ታች ሲወርድ ለብ እያለ የሚሄድ ከሆነ በትክክል እየሠራ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቱቦው ሁሉ ከቀዘቀዘ፣ ወይም መጀመሪያው ብቻ ሞቆ የቀረው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የጋዝ ማነስ ወይም የተዘጋ መስመር ይጠረጠራል። «ጋዝ» የሚለው ቃል መምጣት ያለበት አሁን ነው። ፋን ያለው ከሆነ በኋላው ክዳን ቀዳዳ ላይ ስስ ወረቀት አስጠጉ፤ በአንዱ በኩል መሳብ፣ በሌላው መግፋት አለበት። በአንዳንድ አዳዲስ ፍሪጆች ግን ክፍሉ ሲበርድ ፋኑ ለጊዜው ሊቆም ይችላል።

ቅዝቃዜውን ለመለካት በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ቴርሞሜትር በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሳየ መልካም ነው፤ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ይሁን።

ፍጆታውን በቆጣሪው ራሱ ማወቅ ይቻላል። የዲጂታል ቆጣሪው ቀይ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ ሲል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሆን ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 1,600። ከፍሪጁ በቀር ሁሉንም አጥፉ፣ ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ በአንድ ብልጭታና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩ፣ 2,250ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ መልሱ ዋት ነው። 20 ሴኮንድ ከሆነ 112 ዋት ገደማ ማለት ነው። ቆጣሪው 1,000 የሚል ከሆነ በ2,250 ፈንታ 3,600 ውሰዱ። ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ደግሞ ሞተሩ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ መዝግቡ፤ ዋናው ትርፍ የሚታየው በዕረፍቱ ርዝመት ነው። ኢንቨርተር ሞተር ያለው ፍሪጅ ግን በዝግታ ለረጅም ሰዓት እንዲሠራ የተሠራ ስለሆነ አለማረፉ ጥፋት አይደለም፤ ለእሱ የሌሊቱን የቆጣሪ ንባብ ማነጻጸር ይሻላል።

ጀርባው ጸድቶም ሞተሩ የማያርፍ ከሆነ የበሩን ጎማ ፈትሹ፤ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፣ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል። ትኩስ ድስት በቀጥታ ማስገባትም ራሱን የቻለ ሸክም ነው፤ የበዓል ወጥ ውጪ ቀዝቅዞ፣ በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ይግባ።

ወደ ባለሙያ የሚሄደው

ሞተሩ በየጥቂት ደቂቃው «ጠቅ» እያለ የማይነሣ ከሆነ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ አካሉ ኮረንቲ የሚያስደነግጥ ከሆነ፣ ስፒናውን ነቅላችሁ ተዉት። ኮረንቲው ብዙ ጊዜ የመሬት መስመር በሌላቸው አሮጌ ቤቶች ይታያል፤ ጥገናው ከፍሪጁም ከቤቱም ሽቦ ይጀምራል። በቱቦ መገጣጠሚያ ላይ ዘይት የመሰለ እርጥበት ካገኛችሁ አትጥረጉት፤ ጋዝ ሲያሾልክ ከራሱ ጋር የሞተሩን ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቀዳዳውን የሚጠቁመው ያ ነው። ለባለሙያው ቦታውን አሳዩት። ጋዝ ከመሙላቱ በፊትም ቀዳዳውን ፈልጎ እንዲበይድ፣ ፊልተሩን እንዲቀይር፣ ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ እንዲያጸዳ፣ ጋዙንም ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ግራም በሚዛን እንዲሞላ ጠይቁት። በግምት የተሞላ ትርፍ ጋዝ ያጸዳችሁትን ኮንደንሰር መልሶ ያጨናንቀዋል።